ጥቁር ፌስታል የያዙት እናት

"ተቀመጪ ልጄ... ወለሉን ጨረስሽው እኮ!"

ሐዳሳ ደንግጣ ቆመች።

ሆሳዕና፣ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ኮሪደር ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ትቀመጣለች... ትነሳለች... መስኮቱ ጋ ትሄዳለች... ትመለሳለች።

የተናገሯት አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ናቸው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ከሾኔ መምጣታቸው ነው። ጭናቸው ላይ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል አለ፤ አንዴም መሬት አላስቀመጡትም።

"ምን ሆነሽ ነው?" አሏት።

ለማንም አልናገርም ብላ ነበር። ግን ለዘመድ የሚከብድ ነገር አንዳንዴ ለማያውቁት ሰው ይቀላል...

"ተደፍሬ ነው" አለች። "ከስሼ ነበር። ዛሬ አልመሰክርም ልል ነው የመጣሁት።"

 አንዴ ከጀመረች አላቆመችም።

ቲቶ ይባላል። እሷ የምትሠራበት ሱቅ ዕቃ የሚያመጣ ልጅ ነው። መጋዘን ውስጥ ዘጋባት። ታግላዋለች... የሸሚዙ ቁልፍ እጇ ላይ ቀርቶ ለፖሊስ አስረክባለች። እሱ ግን "ድርሽ አላልኩም" ብሎ ካደ።

ከዚያ ከቲቶ ወገን ሽማግሌዎች መጡ።

ሦስት ቅዳሜ ተመላለሱ። "እሺ ካላላችሁን የቤታችሁን ውሃ አንቀምስም" አሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ አባቷ አቶ ዋለ "እሺ" አሉ። ምሳ ቀረበ... ተበላ... ተመረቀ።

ቲቶ ሊያገባት! ስሟ እንዲታደስ!

በእሷ ጉዳይ ሁሉም ተናገረ፣ ከእሷ በቀር። ሽማግሌ ሲቀመጥ የሁለቱም ወገን ሴቶች አይገቡም፤ እሷና እናቷ የሰሙት ጓዳ ሆነው ነው። (እኔ ይሄን ስጽፍ ራሱ ደሜ ይፈላል!)

"ሽማግሌዎቹ 'ቃሉ ይቅር በይ ይላል' ብለው ላኩብኝ" አለች ሐዳሳ። "አባቴ ደግሞ 'ለሽማግሌ እሺ ካልኩ በኋላ እንዳታዋርጂኝ' አለኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ እንኳን የለም እኮ፣ እናቴ!"

ሴትዮዋ ፌስታሉን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

"እኔንም ሽማግሌ ነው ያስታረቀኝ።"

"ከማን ጋር?"

"ከደፈረኝ ሰው ጋር። ያኔ ካገባት ሕጉ ራሱ ይለቀው ነበር። ያ ሕግ ከተሻረ ስንት ዓመቱ... የኛ ሽማግሌዎች ግን ገና አልሰሙም መሰለኝ።"

ትንሽ ፈገግ አሉ። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ።

"ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖርኩ። ሰው ትዳሯ ሰመረ አለ። እኔ ግን በሩን ሲከፍት አሁንም እደነግጣለሁ።"

"ታዲያ መስክሪ ነው የሚሉኝ?"

"አልልሽም። እሱም ይከብዳል። ደጋግመው ይጠይቁሻል... ሰው ያማሻል። ብትተዪውም ማንም ሊፈርድብሽ አይገባም። ግን አንቺ ስለፈለግሽ ይሁን እንጂ አባትሽ ምሳ ስላበላ አይሁን።"

ሐዳሳ እንደገና ተነሳች። እንደገና ተቀመጠች። እግሯ አልረጋ አላት።

በሩ ተከፈተና ጸሐፊዋ ተጣራች...

"ሐዳሳ ዋለ!"

ሐዳሳ ተነሳች።

ሴትዮዋም ተነሱ።

"እናቴ... እኔን እኮ ነው የጠራችው።"

"አውቃለሁ ልጄ። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ፋይል ነው።"

ፌስታሉን ፈቱት። ውስጡ የታጠፈ ሰማያዊ ሸሚዝ አለ። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ከነክሩ ተነቅሏል።

"ያን ቀን ቤት ሲመጣ አንገቱ ተቧጭሮ ነበር። 'ቶሎ እጠቢልኝ' ብሎ ሰጠኝ። አላጠብኩትም። ሦስት ሳምንት ሳጥን ውስጥ ደብቄ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ።"

ሐዳሳ ግድግዳውን ተደገፈች።

"እርስዎ..."

"የቲቶ እናት ነኝ።"

ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው...

"ልጄ ነው፤ አንጀቴ እየተቆረጠ ነው ያመጣሁት" አሉ እንባቸው እየወረደ። "አባቱ ያኔ ቢጠየቅ ኖሮ እሱ 'በሽማግሌ ያልቃል' እያለ አያድግም ነበር። አንቺ ብትተዪውም እኔ ይሄን አስረክቤ ነው የምመለሰው። ሽማግሌዎቹን የላከው ባሌ ነው... እኔን የጠየቀኝ የለም። አንቺን ግን ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።"

የመጀመሪያው ይቅርታ ነበር። መጠየቅ ካልነበረባቸው ሰው መጣ።

አብረው ገቡ።

"እሺ ሐዳሳ፣ ምን ወሰንሽ?" አለ ዐቃቤ ሕጉ።

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

"እመሰክራለሁ" አለች። "አባቴን እኔው እነግረዋለሁ።"

ወዳጆቼ... እርቅ መልካም ነው፣ ሽማግሌም ክብራችን ነው። ግን "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" ይባላል። ተበዳይዋን ጓዳ አስቀምጦ የሚበላ ምሳ እርቅ አይደለም፤ በደሉን ለልጅ ማውረስ ነው። ልክሰስ ወይም ልተው ማለት ያለባት እሷ ብቻ ናት።

አሁን ሳትዋሹ መልሱልኝ...

ያ ሸሚዝ የልጃችሁ ቢሆን፣ ታጥቡት ነበር ወይስ ይዛችሁት ትመጡ ነበር?