ለእንኳየሁ አይሸጥም

በኮሮናው ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጎንደር ላይ ጫማ መግዛት ክልክል ነበር። ዱቄት ይሸጣል፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ መድኃኒት ይሸጣል። ልብስና ጫማ ግን «አስፈላጊ ያልሆነ ሸቀጥ» ተብሎ ሱቁ ተዘግቷል።

እንኳየሁ የምትፈልገው አንድ ጥንድ የወንድ ጫማ ነው፤ ቁጥሩ አርባ ሁለት።

ባሏ ቻላቸው ሱዳን ለቀን ሥራ ሄዶ፣ በሽታው ሲመጣ ከብዙ ሰው ጋር ተመልሶ መተማ ላይ ማቆያ ገብቷል። በሰው ስልክ አንድ ጊዜ ደውሎላታል። «ጫማዬ መንገድ ላይ ተበጣጥሶ አለቀ። በሸበጥ እግሬን እየጎተትሁ ሰፈር አልገባም። ጫማ ይዘሽ አዘዞ ላይ ጠብቂኝ» አላት። ቻላቸው አልገባም ካለ አይገባም፤ አዘዞ ቁጭ ብሎ ይቀራታል እንጂ።

ዐሥራ አራት ቀኑ ነገ ይሞላል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያ ስልክ አይነሳም። መብራት ጠፍቶ ይሆናል ብላለች።

ጠዋት ልጇን አዝላ ስትወጣ ጎረቤቷን አያ ደሴን ደጅ ላይ አገኘቻቸው። አያ ደሴ በመተማ መስመር እህል የሚጭን መኪና ይነዳሉ። የገቡት ገና ሌሊት ነው።

«አያ ደሴ፣ ደኅና ገቡ? ቻላቸውን አዩልኝ?»

አያ ደሴ ማስካቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉት።

«ማቆያው ሰው አያስጠጋም» አሉ። «ቸኩያለሁ፣ ፒያሳ ጉዳይ አለኝ።»

ተራራቁ የተባለው ሁለት እርምጃ ነበር። እሳቸው መንገዱን ተሻግረው ሄዱ።

ፒያሳ ዱቄት መሸጫው በር ላይ ሰልፉ ጥጉን ዞሯል።

«ጫማ አስፈላጊ ካልሆነ ያወጁት ሰዎች ምነው በባዶ እግራቸው አይሄዱ?» አለ አንድ ጎልማሳ።

«ዝም በል፣ ሰምተው ዱቄቱንም እንዳይከለክሉን» አለችው ከኋላው ያለች ሴት።

«የእኔ ልጅማ በሦስት ወር እግሩ አድጎ ጣቱ ውጭ ነው። እግሩን ተው አታድግ ልበለው?» አለ ሌላው።

ሰልፉ ሳቀ። እንኳየሁ አልሳቀችም። የዕንባቆም ጫማ ቤት ከፊት ተዘግቶ በጓሮ እንደሚሸጥ ፒያሳ የማያውቅ የለም። ወደ ጓሮው ዞረች።

መጀመሪያ አንዲት ልጅ በፌስታል የተጠቀለለ ካርቶን አቅፋ ወጣች። ቀጥሎ አያ ደሴ ባዶ እጃቸውን ወጡ። እንኳየሁን ሲያዩ አንገታቸውን ደፍተው አለፉ።

«አርባ ሁለት ስጠኝ» አለችው ዕንባቆምን።

«የለም።»

«ከኋላህ ተደርድሯል እኮ!»

«ተከልክሏል፣ እንኳየሁ።»

«አሁን ለወጣችው ልጅ አልተከለከለም?»

ዕንባቆም «አባትሽ አሁንም ኮላ ድባ ናቸው?» አላት።

«ጫማ ብጠይቅህ ዘመድ ታስቆጥረኛለህ? ብሩ ይኸው!»

ብሩን በሁለት እጁ መልሶ መዳፏ ውስጥ አጠፈላት። «ያዥው። ልጅ አለሽ።»

ሁለተኛው ሱቅ «አልቋል» አላት። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ሰውዬ ጫማ ሲለካ በበሩ ስንጥቅ አየች፤ ባለሱቁ እሷን ሲያይ ከውስጥ ቀረቀረ። አያ ደሴ ቀደም ብለው ከዚያም ሲወጡ አይታቸው ነበር።

ያን ጊዜ ገባት። ከመተማ የመጡት እሳቸው ናቸው፤ ማቆያውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ባሏን በሽተኛ ብለው ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ አስወሩባት።

መንገዱ መሃል ቆማ ጮኸች። «ምነው? ኮሮናው እኔ ነኝ?»

ከሰልፉ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዱቄት ቤቱ አንዱ ብቅ ብሎ በጆሯቸው የሆነ ነገር አላቸው። ሳቁ ቆመ፤ ሰዉ ሁሉ ወደ መሬት አየ። እንኳየሁ ይህን ይባስ ጠላችው።

ቤቷ ስትደርስ የአያ ደሴ ሚስት፣ እትዬ ሸዋረጋ፣ ምግብ ይዘው ደጇ ላይ ተቀምጠዋል። መኪናው ግን በቦታው የለም።

«ባለቤትዎ ደግሞ ወዴት ሸሹ?»

«ኮላ ድባ ወርዷል። ማታ ይመለሳል። ነይ ብይ።»

«አልበላም። ለእኔ እንዳይሸጥልኝ ያደረጉት እሳቸው ናቸው!»

እትዬ ሸዋረጋ አልካዱም።

«አዎ፣ እሱ ነው የነገራቸው። አሁን ብይ፣ ልጅቱንም አጥቢ። ጠዋት እንነጋገራለን።»

«ጠዋት እዚህ የለሁም! በእግሬም ቢሆን አዘዞ እሄዳለሁ። በሸበጥ ቆሞ ሲያዩት ያኔ ትንሽ ያፍሩ ይሆናል፤ ጎረቤት ተብዬዎች!»

እትዬ ሸዋረጋ ጉርሻ ጠቅልለው አፏ ላይ ያዙ፤ እስክትበላም እጃቸውን አላወረዱም። ሌላም ጠቀለሉ። ከዚያ «ዛሬ እኔ እዚሁ አድራለሁ» አሉ። እንኳየሁ እንዳላመልጥ ሊጠብቁኝ ነው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሊነጋጋ ሲል ነቃች። የእትዬ ሸዋረጋ መኝታ ባዶ ነው። ልጇን አዘለች፣ ጫማ ሳትይዝ ወደ አዘዞ ልትወጣ በሩን ከፈተች።

ደጁ ላይ አያ ደሴና እትዬ ሸዋረጋ፣ ዕንባቆም፣ ከኋላቸውም የኮላ ድባው አባቷ፣ ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቀው ቆመዋል።

ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።