በሃያ ሁለተኛው በር የሚገባው

አንተነህ ንፋስ መውጫ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እናቱን ቀብሮ ከስማዳ ከተመለሰ ወዲህ ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ጥሎታል፤ «እግዜር ያጥናህ» መስማት ሰልችቶታል። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ግን ማንም አልጠየቀኝም ብሎ ያዝናል። ስልኩን አጥፍቶ እኮ ነው!

የተከራየው ክፍል ጭር ስለሚልበት፣ ሥራ ባይኖረውም እስኪመሽ ቢሮ ይቀመጣል። እናቱ ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ የምታየው ብቻዋን የምትኖር የጎረቤት አሮጊትን ጣሪያ ነበር። ጭስ ከወጣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ካልወጣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሄዳ ታንኳኳለች። ይህን ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ አውርቷል። ለእሱ እንዲህ የሚያደርግ ማን አለ?

ያን ሰሞን ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሐረገ ወይን ጠሩት። የተማሪዎች ውጤት ሊገለጽ ነው፤ አንዲት ቁጥር ብትነካ ተጠያቂው እሱ ነው፤ እንጀራውም እዚያው ላይ ይዘጋል።

አንተነህ የትምህርት ቤቱ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ss -tln ብሎ ጻፈ። ፖርት ማለት ባለቁጥር በር ነው፤ ትእዛዙ የትኞቹ ተከፍተው እንግዳ እንደሚጠብቁ ያሳያል። ሰማንያኛው የድረ ገጹ ነው፤ ይሁን። ከሩቅ ሆኖ ማሽኑን ማዘዣው ሃያ ሁለተኛው ግን ለዓለም ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

የማሽኑ መዝገብ እንደሚያሳየው፣ ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ አንድ ሰው በዚያ ይገባል፤ who ብሎ ማሽኑ ላይ ማን እንዳለ ይጠይቃል፤ ይወጣል። የሚመጣው በስልክ ኢንተርኔት ስለሆነ ማንነቱ አይለይም። ምንም አልነካም።

«ባለቤቱ መኖሩን የሚያጣራ ሌባ ነው» አላቸው አንተነህ ወይዘሮ ሐረገ ወይንን። «እኔን እያየ ነው የሚመለሰው። አንድ ቀን ያጣኝ ለታ ይዘርፈናል።»

«እንግዲያ ዝጋበት።»

ዘጋበት። ሥራ ያስተማረው ቀለመ ወርቅ ወደ መካነ ኢየሱስ ከተዛወረ ወዲህ ያልተነካውን የይለፍ ቃልም ለወጠ።

አንተነህ መዝገቡን እያየ ሳለ፣ አመሻሹ ላይ እንግዳው መጣ፤ ተመለሰ። ደግሞ መጣ። ያን ቀን እንደ ወትሮው ቶሎ አልሄደም፤ ደጋግሞ ሞከረ። አንተነህ በሆዱ «ወግድ!» አለው። ጸጥ ሲል ግን ከፋው። ሌባም ቢሆን፣ በየምሽቱ ወደ እሱ ዘንድ የሚመጣው እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የቢሮው በር ተንኳኳ። ቀለመ ወርቅ ነው፤ በደብረ ታቦር ዞሮ ሲመጣ አቧራ ለብሷል። አንተነህን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ትናንት ጭስህ ጠፋብኝ» አለው።