የጋሽ መቀስ ግራ እግር

«ጋሽ መቀስ፣ አይንቀሳቀሱ ብያለሁ!» አለ ሐኪሙ።

ጋሽ መቀስ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑ ላይ የጨረር መከላከያ ጥቁር መነጽር ተደርጎለት፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከደንበኛ ወንበር ኋላ ቆሞ «አትንቀሳቀስ!» ሲል የኖረው ፀጉር አስተካካይ እሱ ነው። ይህንኑ ሐኪም በልጅነቱ፣ በወንበሩ ክንዶች ላይ ጣውላ አጋድሞ እያስቀመጠ፣ ጆሮውን ይዞ ስንት ጊዜ ተቆጥቶታል! ብድር በምድር ማለት ይኸው ነው።

«ይልቅ ይሄን ግራ እግሬን የላጨው ማነው? ሽቅብ እኮ ነው የላጨው!» አለ ጋሽ መቀስ።

«እኔ ነኝ» አለች ነርሷ ከግርጌ። «ሲድኑ ያስተምሩኛል።»

ሲድኑ። ቃሏ ሳቁን ወሰደችበት። የጠዋቱ ቀልድ ሁሉ ፍርሃቱን መሸፈኛ ነበር። አባቱም ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ እንዲሁ የእግራቸው ደም ሥር አብጦ፣ ተጠማዞ፣ ኋላም ቆስሎ ከሥራቸው አስቀመጣቸው። የቀረ ዕድሜያቸውን በር ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው የቆረጠውን ፀጉር ሲያሙ ኖሩ። እሱም ይኸው ሱቁን ከዘጋ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሚስቱም «ወንበሩን ሸጠን ብታርፍስ?» ትለዋለች። ተቀምጦ የሚሠራ ፀጉር አስተካካይ ማን አይቶ ያውቃል?

ሐኪሙ በመርፌ ቀዳዳ ያስገባትን ቀጭን የሌዘር ገመድ ቀስ እያለ ይስባት ነበር። የተበላሸው ደም ሥር በሙቀቷ ከውስጥ ይዘጋል፤ ደሙም በጤነኞቹ በኩል መንገዱን ያገኛል ብሎታል። እግሩ ደንዝዟል። የሚሰማው ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ሲል ብቻ ነው።

«ጨረስን።»

«መቼ ጀመርክና?»

ነርሷ እግሩን ጥብቅ የሚያደርግ ረጅም ካልሲ ታግላ አለበሰችው።

«በሉ አሁኑኑ ይራመዱ» አለ ሐኪሙ። «ግማሽ ሰዓት። መተኛት የለም።»

ጋሽ መቀስ ኮሪደሩን አንዴ ግድግዳ እየዳበሰ ሄደ። በሁለተኛው ዙር በጣቱ ጫፍ ብቻ ነካው። በሦስተኛው ጭራሽ ረሳው፤ እንዲያውም ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ጢም እየገመገመ አለፈ። ደስ አለው።

ሲመለስ ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። ጋሽ መቀስ ከኋላው ቆመና ማጅራቱን ሲያይ ክው አለ።

«ማነው እንዲህ የጨፈጨፈህ?»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሱቁ ዝግ ነበር፣ ጋሽዬ። ምን ላድርግ?»

«እና ይሄን ተሸክመህ ሰው ፊት ትቀርባለህ? ግራና ቀኙ እኮ አይተዋወቁም! የኔ ልጅ፣ መቀስ አላችሁ?»

ነርሷ እየሳቀች የፋሻ መቀስ አቀበለችው። ደነዝ ነው። ቢሆንም በእጁ ሲይዘው አንጀቱ ራሰ። ሐኪሙ ቀና ሊል ሲል በሁለት ጣቱ ጭንቅላቱን ወደ ታች መለሰው።

«አትንቀሳቀስ!»

ሱቁ ውስጥ ቢሆን ይሄኔ ግራ እግሩን ለማሳረፍ ወንበሩን ተደግፎ ነበር። የሐኪሙን ጆሮ ዙሪያ ጨርሶ ወደ ማጅራቱ ሲወርድ ነው ያስተዋለው፤ አንድ እጁ መቀስ ይዟል፣ አንድ እጁ የሐኪሙን ጭንቅላት፣ እሱ ደግሞ በግራ እግሩ ላይ ቆሟል።