የጨው ልክ

የጨው መለኪያው የመስታወት ዘንግ ከቀዩ መስመር አልፎ ወደ ውስጥ ሰመጠባት። የዓሣ ገንዳው ውኃ ጨው ቀንሷል ማለት ነው። ባሏ ከመሞቱ በፊት ከምጽዋ ባሕር ኮልፌ ድረስ ካመጣቸው ስድስት ዓሣዎች የቀረው አንዱ በጎኑ ተኝቶ አፉን ይከፍት ይዘጋ ነበር።

«እማማ፣ እዚህ ውስጥ ውኃ ጨምረዋል?»

«ውኃማ አልጨመርኩም፤ ጠበል ነው እንጂ» አሉ የባሏ እናት፣ ባዶውን ጀሪካን እያሳዩዋት። «ምግብ እምቢ ሲል ጊዜ አሳዘነኝ። ከልጄ ከዚህ ሌላ ምን ቀረኝ?»

የባሕር ዓሣ ያለ ጨው እንደማይኖር ልትነግራቸው አሰበች። እንባቸውን ያበሱበት የነጠላቸው ጫፍ ግን ገና እርጥብ ነበር። መለኪያውን ከውኃው አወጣችው። ዓሣው አንድ ጊዜ ተወራጨና ጸጥ አለ።

የባሏ እናት አማተቡ። «አየሽ ልጄ? ጭንቁ ለቀቀው።»

«አዎ እማማ፣ ተሻለው» አለችና ለገንዳው አየር የሚነፋውን ማሽን ከሶኬቱ ነቀለች።