በታወቀ መጽሔት ያልወጣ

ሲስተር ሙፊዳ የገብስ አጥሚቱን በሻይ ማንኪያ ለሕፃኑ ስታጠጣ፣ ዶክተሩ እጁን አጣጥፎ ያይ ነበር። በላፍቶው የቀበሌ ክሊኒክ ግሉኮስ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል። ልጇን አዝላ ከፉሪ በእግሯ የመጣችው እናት፣ ጠዋት «ተቅማጡ አደረቀብኝ፤ ከትናንት ወዲህ ሽንት የሚባል የለውም» ብላ ነበር የገባችው። ውጭ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጓዶችን ለስብሰባ ይጠራል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጽሑፎች ነበሩ። አንዱ ዶክተሩ ከእጁ የማይለየው፣ ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ የባሕር ማዶ መጽሔት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሕፃን ከግሉኮስ ሌላ መላ አያውቅም። ሌላው ሲስተር ሙፊዳ ስልሳ ሕፃናትን ስላዳነችበት የጨውና የገብስ አጥሚት ጽፋ በስቴንስል ያባዛችው ጥናት ነው። ባለፈው ወር ለግምገማ ሲቀርብለት፣ ዶክተሩ አንድ ገጽ እንኳ ሳይገልጥ ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በታወቀ መጽሔት ያልወጣ» ብሎ ጽፎ መልሶላታል።

«ቢያስመልሰውስ?» አላት አሁን።

«ጥቂት ቆይቼ ደግሜ እሰጠዋለሁ። አራተኛው ገጽ ላይ አለልዎ፣ ዶክተር።»

ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ዶክተሩ ጥናቱን አንስቶ አራተኛውን ገጽ ሲገልጥ፣ ሲስተር ጨርቁን ልትቀይርለት ሕፃኑን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ያኔ ቀጭን ሽንት ሽቅብ ተፈናጠረና የሚያብለጨልጨው መጽሔት ላይ ወረደ።

«ውይ በሞትኩት!» እናትየዋ በነጠላዋ ልትጠርግ ተንደረደረች።

ዶክተሩ ጥናቱ እንዳይረጥብ ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ በሌላ እጁ እጇን ያዘ።

«ተይው፣ እናት» አላት፤ «ይጨርስ።»