የአንደኛዋ አመል

«ስክሪን ያለበት ነገር ወደ እኔ እንዳይመጣ ብያለሁ!» ይላሉ አዬዮ ሀጀራ፣ የሙሽራዋ አያት፤ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ ምርኩዛቸውን ወደ ፎቶ አንሺዋ ወደ የውብዳር ደረት እየቀሰሩ። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለችው ከሦስቱ ካሜራዎቿ ሦስተኛዋ ናት፤ ጀርባዋ ሙሉ ስክሪን ነው።

በሴቶቹ አዳራሽ ሳቅ ይነሳል። አሮጊቷ ግን የምራቸውን ነው። ባለፈው ሰርግ አንዷ በስልኳ አነሳቻቸውና ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እሳቸው እዚያው ቁጭ ብለው እያዩ፣ ሴቶቹ ምስሉን በጣታቸው እየለጠጡ ጥርስ በሌለው የአሮጊቷ አፍ በሳቅ ተንፈቀፈቁ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ እርም ብለው ነበር። ዛሬ እሺ ያሉት ለልጅ ልጃቸው ለሙኒራ ብለው ነው፤ ያውም ለአንዲት ፎቶ ብቻ። ሙኒራ ከነገ ወዲያ ከባሏ ጋር ወደ ማርሴይ ትበራለች። ስትመለስ አያቷን ታገኛቸው እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ አብረው የተነሱት ፎቶም የላቸውም።

«አቦ አዬዮ፣ አታስቸግሪና!» ትላለች የሙሽራዋ እህት ነጅማ። ድሬዳዋ ያደገ ቤተሰብ ነው፤ እርስ በርስ ሶማሊኛ፣ ከየውብዳር ጋር አማርኛ ያወራሉ። «እህቴ፣ እስቲ አንቺ ንገሪያት። ከካሜራዎችሽ የምትታመነው የቷ ናት?»

የውብዳር በዚህች የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር፣ ፎቶ ቤት አላት። ወንድ በማይገባበት ግብዣ ሁሉ የምትጠራው እሷ ናት። ሦስቱም ካሜራዎቿ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ስም፣ አሻሻልን እየተባለ ተራ በተራ የወጡ ናቸው፤ እሷም በወጡ ቁጥር ስትከተላቸው ኖራለች።

«ሦስተኛዋ አንድም ቀን አሳፍራኝ አታውቅም» ትላለች፣ ካንገቷ እያወለቀቻት። «ሁለተኛዋም ደህና ነበረች፤ ምን ያደርጋል፣ የባሕሩ ጨው የካርዷን በር በላው። አሁን በላስቲክ ታስራ ነው የምትሠራው፤ ሲያሰኛት ደግሞ ካርዱን አላውቀውም ትላለች። አንደኛዋማ አመለኛ ናት። ሚኒባስ በዘለለ ቁጥር ልኳ ይዛነፋል። ዛሬ ጠዋት ሃያብለ ሰፈር ሌላ ሙሽራ ላነሳ ሄጄ ስትንገጫገጭ ነው የመጣችው።»

አንደኛዋ ግን ከእህቶቿ የተለየ ነገር አላት። ስክሪኗ እንደ መስኮት መዝጊያ ይገለበጥና ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ይታጠፋል። ያኔ ጀርባዋ ጥቁር ቆዳ ብቻ ይሆናል። ፋብሪካው ይህን ከጊዜ በኋላ አስቀረው፤ ለምን እንዳስቀረው የውብዳር እስካሁን አልገባትም።

አንደኛዋን ከቦርሳዋ ታወጣና ስክሪኑን ወደ ውስጥ አጥፋ ታሳያቸዋለች። አዬዮ ቆዳውን በጣታቸው ይዳብሱና «ይቺ ትሁን» ይላሉ።

ነጅማ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። «አሁን አመለኛ ናት አላልሽም? አንዴ ብቻ ነው የተባልሽው፤ ሳታዪው መውጣቱን በምን ታውቂያለሽ?»

ኩል በተቀባው የሙኒራ ዓይን እንባ ሞልቷል።

«አታልቅሺ፣ ኩልሽ ይበላሻል» ትላታለች የውብዳር። «አወጣዋለሁ።»

ለማጽናናት ብላ አይደለም። ሦስተኛዋን ታምናታለች፤ የከዳቻት ቀን ግን በየት በኩል እንደምትከዳት አታውቅም። የአንደኛዋ ውሸት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ተንገጫግጣ በመጣች ቀን፣ ሰው ካለበት አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አልፋ ታያለች። የውብዳር ይህን አመሏን ችላው ኖራለች።

ትንበረከካለች። በካሜራዋ መስኮት መሃል ባለችው ብሩህ አራት ማዕዘን ውስጥ አዬዮ ሁለት ሆነው ይታያሉ። ይህች ካሜራ ርቀት የምትለካው እንዲህ ነው፤ የሌንሱን ቀለበት ሲያዞሩት ሁለቱ ምስሎች ይቀራረባሉ፣ ሲገጥሙ ተለካ ይባላል። ዛሬ ከገጠሙ ግን ጠርቶ የሚወጣው ከኋላ ያለው መጋረጃ ነው፣ አዬዮ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ቀለበቱን ከቅርብ ወደ ሩቅ ቀስ እያለች ታዞራለች፤ ሳይገጥሙ የምታቆምበትን ቦታ ጣቷ ያውቀዋል።

«ቶሎ በይ እንጂ» ይላሉ አዬዮ። «እንዲህ ከቆየሽ ሳልነሳ ልሞት ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ያውካካል። ሙኒራም ሳታስበው ትስቅና ጉንጯን አያቷ ጉንጭ ላይ ትለጥፋለች። ሁለቱ አዬዮዎች ሊገጥሙ ጥቂት ሲቀራቸው የውብዳር ቁልፉን ትጫናለች።

«ወጣ?» ትላለች ነጅማ።

«ወጥቷል።»

አዬዮ ካሜራዋን ትክ ብለው ያዩዋታል፤ ከዚያ ጎንበስ ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስቲ ክፈቺው» ይላሉ። «እኔ ብቻ ልየው።»

የውብዳር ስክሪኑን ትገለብጣለች። ራሷ ሳታየው ካሜራዋን እጃቸው ላይ ታስቀምጣለች። አሮጊቷ ሻርፓቸውን ከራሳቸው ላይ ወደፊት ይስቡና ካሜራዋን ይዘው ከሥሩ ይገባሉ። ነጅማ ጥፍሯን ትነክሳለች።

«ያ ረቢ!» ይላል ከሻርፑ ሥር የመጣው ድምፅ። «ይቺ ጠባሳ እስካሁን አለች?»

«የቷ ጠባሳ፣ አዬዮ?» ትላለች ሙኒራ።

«ቅንድቤ ላይ ያለችው ናታ! ልጅ ሆኜ እናቴ ፊቴን ስታጥበኝ በቀለበቷ የጫረችኝ። እኔ እኮ ጠፍታለች ብዬ ነበር።»

የውብዳር የአሮጊቷን ፊት ካጠገባቸው ተንበርክካ ስታይ ቆይታለች፤ ምንም ጠባሳ አላየችም፤ አንደኛዋ ግን ጥርት አድርጋ አይታታለች። ፈገግ ትልና ሦስተኛዋን ወደ ቦርሳዋ ትመልሳታለች።

ከሻርፑ ሥር አንድ እጅ ወጥቶ ሙኒራን ይጎትታታል። ሙሽራዋ ከነወርቋ አጎንብሳ ትገባለች። በስሱ ጨርቅ ውስጥ የስክሪኑ ብርሃን ይታያል፤ ሂና የተቀባች አንዲት የሙሽራዋ ጣትም የአሮጊቷን ቅንድብ ቀስ ብላ ስትዳብስ።