ከተቀዳበት ሳይወጣ

ሽማግሌዎቹ አርብ ዕለት ከጁምዓ መልስ የወሰኑት አጭር ነበር። የሟቹ የሐጂ ይማም ድምፅ ከተቀዳበት ኮምፒውተር ሳይወጣ ይሰማል። በፍላሽ አይወጣም፣ ወደ ስልክ አይላክም። ሐሳቡን ያቀረበው የሟቹ ልጅ ኑርዬ ነው። «ዛሬ የሙት ድምፅ እንኳን በማሽን ተመስሎ ይሠራል» አለ። የተከራከረው አልነበረም።

እሑድ ረፋድ ላይ ሐይቅ ከተማ፣ በኑርዬ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ድምፅ የለውም።

«ሐሙስ ዕለት ሲስተሙን ወደ አዲሱ አሳድጌው ነበር» አለ ኑርዬ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል፤ በቤቱ የሚጠቀመውም ማንም በነፃ የሚያወርደውን ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም ነው። «አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።»

«ምነው ልክ ለሽምግልናው ቀን መበላሸት አማረው?» አለች ታናሽ እህቱ ዙሌይካ።

አባቷ ሲሞቱ እሷ ለሥራ ጅዳ ነበረች። ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። ሐጂ በመጨረሻው ሳምንታቸው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ሲናገሩ፣ የእሷንም ስም ሲጠሩ የሰማችው ጎረቤታቸው ፈሂማ ናት። ፈሂማ ስትገባ ዝም አሉ። ኑርዬ የድምፅ ቅጂው መኖሩን አልካደም። ማሰማቱን ግን እንቢ ብሎ ቆይቷል።

የሚያጣላቸው የሐይቁ ዳር የአትክልት ቦታ ነው። ፓፓያውን ከአባቷ ጋር የተከለችው ዙሌይካ ናት። ሙሉውን ለእሷ እንደተናዘዙላት አትጠራጠርም። ኑርዬ ግማሹን ልስጥሽ ይላል።

«ግማሽ እኮ ሸሪዓው ለሴት ልጅ ከሚሰጣት ይበልጣል፣ ልጄ» አሏት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሼህ አብዱልመናን።

«ኑርዬ ከሚገባኝ በላይ የሚሰጠኝ የሚደብቀው ቢኖር ነው፣ ሼህ።»

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጠሃ ተጠራ። ኑርዬ ያስተማረው ልጅ ነው፤ ሲገባ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ቲቸር» አለው።

ጠሃ ስፒከሮቹን ነቅሎ ስልኩ ላይ ሰካቸው። ይሠራሉ። ድምፁ ወደ ስክሪኑ ገመድ ሄዶ እንደሆነ አየ፤ አልሄደም። የድምፁን ፕሮግራም አጥፍቶ አስነሳ። ኮምፒውተሩን በቀድሞው ሲስተም ከፈተው። ማሽኑ የድምፅ ካርድ ያለው እንኳን አይመስልም።

«የእኔ ሬዲዮ ሲያስቸግር ጎኑን ስመታው ይናገራል» አሉ ሌላው ሽማግሌ፣ አቶ ዝናው።

«ሌላ ሲስተም ልጫንበት?» አለ ጠሃ። «በግማሽ ሰዓት ያልቃል።»

«ቅጂውስ?»

«ላይተርፍ ይችላል።»

«እንግዲያው አይነካም» አለች ዙሌይካ። ወንበሯን ወደ ጠሃ አስጠጋች። «እስኪመሽ ፈልግ። እኔ የትም አልሄድም።»

«ዙሌይካ፣ ይብቃሽ» አለ ኑርዬ። «ነገ ውል እንጻፍ፣ ግማሹን ውሰጂ።»

«ምጽዋት አልጠየቅሁህም። አባቴ ያለውን ነው የጠየቅሁት።»

«አብሽሪ፣ ቀስ በይ» አሉ ሼሁ።

«ዘጠኝ ዓመት ቀስ ብያለሁ፣ ሼህ። በሰው ቤት።»

ጠሃ አንድ ፋይል ከፍቶ ቆመ። ቲቸሩን አየ፣ ዙሌይካን አየ፣ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

«ምንድነው?» አለችው።

«የድምፅ ካርዱን እንዳትጠቀም ብሎ ሲስተሙን የሚያዝ መስመር አለ። ማሻሻያው ሐሙስ ነው የገባው። ይኼ የተጻፈው ትናንት ማታ ነው። ሲስተሙ ያመጣው አይደለም፣ ሰው በእጁ የጻፈው ነው።»

ዙሌይካ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው።

«እኔ ነኝ» አለ ኑርዬ።

«ሰማችሁ?» አለች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ።

«ግን እኮ» አለ ጠሃ ቀስ ብሎ፣ «ቅጂውን ጭራሽ ሊያጠፋው ይችል ነበር። አላጠፋውም።»

«የሙት ቃል ፈርቶ ነው። አስተካክለው።»

ጠሃ መስመሩን ሰርዞ ኮምፒውተሩን አጠፋው። ተመልሶ እስኪነሳ ኑርዬ መሐል ቆመ።

«በሽማግሌ ፊት እናገራለሁ። የሐይቁን ዳር ሙሉውን ውሰጂ። ይኼን ቤትም ውሰጂ፣ እኔ እከራያለሁ። ድምፁን ግን ተዪው።»

«ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረሽ?» አሉ ሼሁ። «ተቀበይና እንታረቅ።»

አቶ ዝናውም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጠሃ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«ሲያዝ ነው ቸርነቱ የመጣው» አለች ዙሌይካ። «እሱ ስለሰጠኝ አልወስድም። የአባቴን ቃል ሰምቼ፣ በአባቴ ቃል ነው የምወስደው።»

«በአላህ ይዤሻለሁ» አለ ኑርዬ።

ማውሱን ራሷ ያዘች። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አደረገችው፤ ሰፈሩም ይስማ አለች። ከዚያ ቅጂውን ተጫነችው።

መጀመሪያ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ የሐጂ ይማም ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፦

«ኑርዬ፣ በሩን ዝጋው። ዙሌይካ ከእኔም ከእናትህም አልተወለደችም፤ በውርስ ምንም አይደርሳትም። ከራስህ ድርሻ ግማሹን ስጣት፤ ይኼን ነገር ግን አደራህን፣ በሕይወቷ እንዳትሰማው።»